ባለሱቁ ሲመለስ ምን ይበል?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጃዕፈር አብዱረዛቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ጉልበትህስ? ደርባን ላይ ክረምትና በጋው ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው ብለኸኝ ስለነበር፣ አሁን ሙቀት ላይ ነህ ብዬ ለጉልበትህ መጨነቅ ትቻለሁ። ምግብህስ? አሁንም ዳቦና ሻይ ብቻ ከሆነ ለእማዬ አልነግርብህም። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። እንደ ሌላው ጊዜ «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንን» ብዬ እንዳላልፍ ግን የሆነ ነገር አለ፤ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ኢንተርኔት ከተዘጋብን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ስልኩም ቢሆን ሁሉን አያናግርም። የተፍኪው አደም ወደ እናንተ እንደሚመጣ ስሰማ ይህን ደብዳቤና አንድ ፍላሽ በእጁ ላክሁልህ። ፍላሹ ላይ የኮምፒውተር ጨዋታችን «አባ ኪሴ ቁጥር ሁለት» አለ። ጉዳዬ ሁለት ነው፦ ይቅርታ ልጠይቅህ፣ ከዚያም አንዲት ዓረፍተ ነገር ልለምንህ። ተራ በተራ ልንገርህ፣ አትቸኩል።

ቀልዱን አንተ የጻፍከውን ጨዋታ መልሶ ለአንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ከሄድክ ቆይተሃልና ላስታውስህ። ቁጥር አንድ ላይ አባ ኪሴ የቀበሌ ዘበኛ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ ጠፍቶበት ተጫዋቹ ማውሱን እየተጫነ ከተማውን ሁሉ ያዞረዋል። ጃንጥላም ይሁን ዶሮ ያገኘውን ሁሉ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይከታል፤ በመጨረሻ ቁልፉ እዚያው ኪሱ ውስጥ ይገኛል። ቁጥር ሁለት ላይ ደግሞ ልጁን ይድራል፣ ለድግሱም ዕቃ ያሳድዳል። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ባለሱቁ እንደ አባዬ መጥረጊያውን በሱቁ በር ላይ አጋድሞ ለጁምዓ ሄዷል። መጥረጊያ ከተጋደመ ባለቤቱ ቅርብ ነው፣ ማንም አይገባም። አባ ኪሴ ግን መጥረጊያውን አንስቶ ግድግዳው ላይ በሥርዓት ያስደግፈውና ሱቁን ኪሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። ይህችን ያሰብካት አንተ ነህ። እኔም ስስላት እንባዬ እስኪመጣ ስቄአለሁ።

ጨዋታውን ያወጣሁት በነሐሴ ነው። ያን ጊዜም ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ እያለ ስለነበር በፍላሽ ነው ከእጅ ወደ እጅ የዞረው። የምሠራበት ኮምፒውተር ቤት በር ላይ ደብተር በገመድ አንጠልጥዬ «አስተያየት» ብዬ ጻፍኩበት፤ ሰው ፌስቡክ ላይ ሊጽፍ የነበረውን ሁሉ እዚያ ጻፈ። «ቁጥር አንዱ ይሻላል» ያሉ አሥራ አንድ ናቸው። ከእነሱ አራቱ ቁጥር አንድን እንዳልጨረሱ አብሮኝ የሚሠራው ቢኒ ምስክሬ ነው። «አባ ኪሴ ወፍሯል» ብለዋል፣ እውነት ነው፤ እጄ ወፍሯል መሰለኝ። «ዶሮዋስ የት ሄደች?» ብለው የጠየቁም አሉ፤ ለካ ዶሮዋ ከእሱ ይልቅ ወዳጅ ነበራት። አንዱ ደግሞ «ሰበታ እየኖረ ኦሮምኛ የማይናገረው ለምንድን ነው?» ብሎ በቁቤ ጽፏል። አሁን አባ ኪሴን እያስተማርኩት ነው። መምህርት ማሪቱ «ይህ ጨዋታ ሌብነት ያስተምራል» ብለው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። የመጥረጊያዋ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ያልሳቀ አልነበረም፣ መምህርት ማሪቱም ጭምር።

ከዚያ የመስከረም መጨረሻ መጣ። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወዲህ ነገሩ ይበርዳል ብለን ነበር፤ አልበረደም። መንገድ ተዘጋ፣ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ ተኩስም ሰማን። የሞተ ሰው አለ፣ የታሰረም ብዙ ነው። ማን ምን እንዳደረገ እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ ጊዜ ደብዳቤም ሊነበብ ይችላል ይላሉ። እኛ ሦስት ሳምንት ዘግተን ስንከፍት ተጫዋቾቹ ተመለሱ። ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እየቆሙ «ራያ፣ ጌምሽ ስታክ አድርጓል» ይሉኝ ጀመር። መጥረጊያዋ ጋ ሲደርሱ አይሄድላቸውም። ቫይረስ ገብቶበታል ብዬ ሁለት ቀን ፋይሉን ስመረምር ዋልኩ። እኔ ስጫነው ይሠራል፤ እነሱ ጋ አይሠራም።

የደረስኩበት በኦቦ ገርባ ነው። ጎረቤታችን ስለ መሬታቸው የሚያስገቡትን ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው መብራት ጠፋ። ሲመጣ ቢኒ ሌላ ሥራ ይዞ ነበርና እስኪጨርስ «እስቲ ያን ሌባ ሽማግሌ አሳዩኝ» አሉ። ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። ማውሱን ይዘው መስኮቱን ተጫኑ፣ ሚዛኑን ተጫኑ፣ ሰማዩን ሳይቀር ተጫኑ። መጥረጊያዋ አጠገብ ሲደርሱ ግን እጃቸው ዞሮ ይሄዳል። «ኦቦ፣ እሷን ያንሷት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ? እዚሁ እጠብቀዋለሁ» አሉ።

የእውነታቸውን ነው። ጋቢያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንስተው ቁጭ አሉ። ባለሱቁን እንዳልሳልኩት፣ መቼም እንደማይመጣ እንዴት ልንገራቸው? ግማሽ ሰዓት ሆነ። ቢኒ ይሰለቻሉ ብሎ ይተዉት ሲላቸው፣ የቢሮ ደጅ ሲጠኑ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ነገሩትና ይቺ ምን አላት አሉ። ሌሎቹም እንደዚያው እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዋታው አልተበላሸም። በነሐሴ እየሳቁ ያነሷትን መጥረጊያ በጥቅምት የሚያነሳ ጠፋ።

ይህንን ለማሳቅ ብዬ በማግስቱ ምሳ ላይ ቤት አወራሁት። እማዬና ትንሿ ኑሃ ሳቁ። አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ጃዕፈር፣ አሁን ያልነገርንህን ልንገርህ። በስልክ «ሱቁ ደህና ነው፣ ትንሽ ዕቃ ጎደለ» ያልንህ ውሸት ነው፤ አባዬ ነው እንዳንነግርህ ያዘዘን። ረብሻው በተነሳበት ረቡዕ ዙህር ሊሰግድ እንደ ወትሮው መጥረጊያውን አጋድሞ ሄደ። ተኩስ ሲነሳ መስጊድ ውስጥ እንዳሉ በሩ ተዘጋባቸው። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ከመደርደሪያው በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ያላወቅኩትን ግን ያን ቀን ምሳ ላይ ነገረኝ።

«ቢሰብሩት ግድ አልነበረኝም» አለ። «አልሰበሩትም። አንስተው እንዳይወድቅ ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ያነሳው ሰው ትርጉሙን ያውቃል። እኔንም ያውቀኛል።»

መጥረጊያው እንዳይወድቅ አዘንብዬ የሳልኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው የእኛን ጨዋታ ተጫውቶ ይሆን እንዴ ብዬ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። አስተያየት የሚጽፍ ሰው ስሙን አይጽፍም። መቼም አላውቅም ማለት ነው።

ይቅርታዬ እዚህ ጋ ነው። ካቻምና ሚያዝያ እዚያ ደርባን ያንተ ሱቅ የተዘረፈ ሰሞን ደውለህ «ራያ፣ የመጥረጊያዋን ነገር አውጫት» ብለኸኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርከኝም፣ እኔም አልጠየቅኩህም። «ሳቅህን ጉምሩክ አስቀረብህ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩብህ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አልጻፍክልኝም፣ አንድም ቀልድ አልላክህልኝም። እኔ ደግሞ የተኮረፍኩ እኔ ነኝ ብዬ ዓመት ከመንፈቅ ከረምኩ። ሰው ቤቱ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ነበር የቀለድኩት። አፉ በለኝ ወንድሜ።

አሁን ጨዋታውን ቀይሬዋለሁ። ባለሱቁን ሳልኩት፤ ነጭ ኮፍያ አድርጌለታለሁ፣ አረማመዱ የማን እንደሆነ ስታየው ታውቃለህ። ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ ሁለት ደቂቃ ከጠበቀ ባለሱቁ ከመስጊድ ይመለስና መጥረጊያውን ራሱ አንስቶ አባ ኪሴን ያስገባዋል። ሌላ መንገድ የለም። ደብተሩ ላይ «ቀርፋፋ ነው»፣ «ኔትወርክ እንጠብቅ ባለሱቅ እንጠብቅ?» ብለው ጽፈውብኛል። ግን ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁ ከጎናቸው ካለው ጋር ያወራሉ። ዶሮዋንም መልሻታለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ባለሱቁ ተመልሶ አባ ኪሴን በሩ ላይ ቆሞ ሲያገኘው አፉን ይከፍታል፣ ቃል ግን የለውም። ሞክሬ ነበር፤ የጻፍኩት ሁሉ ወይ ስብከት ወይ ለቅሶ ሆነብኝ። የሚያስቅ መሆን አለበት፣ የሚያስቀው ግን ሰውየውን ሳይነካ ነው። ይህን ከአንተ በቀር የሚችል አላውቅም። ሰኞ ዕለት አባዬ፣ ማውስ ነክቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ራሱ መጥቶ ተቀመጠና ጠበቀ። ባለሱቁ መጥረጊያውን ሲያነሳ አየና «ምን አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ገና ነው፣ ጃዕፈር ነው የሚጽፈው አልኩት። «ያውቅበታል» አለና ተነሳ። ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝ። አደም ሲመለስ ስጠው፤ ከፈለግህም በስልክ ንገረኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማለት መስመሩ ይበቃል።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ጉልበትህን በጨርቅ ጠቅልለህ ተኛ ብላለች፣ ሙቀት ነው ብላትም አልሰማ ብላኛለች። ኑሃ ሰላም ትልሃለች፤ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ የዶሮዋ ድምፅ የእሷ ነው። ኦቦ ገርባ «ነጋ ኢቲ ሂሚ»፣ ሰላም በይልኝ ብለውሃል፤ ማመልከቻቸው ገና ነው። ቢኒም እጅ ነስቷል። አባዬ ሰላም ይልሃል። ከዝርፊያው ወዲህ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን ሳይቆልፍ አይሄድም፤ መጥረጊያውንም ጓዳ አስገብቶት ነበር። ባለፈው ዓርብ በጁምዓ ሰዓት በሱቁ በኩል ሳልፍ በሩ በትልቁ ቁልፍ ተቆልፏል። መጥረጊያውም ከቁልፉ በታች በበሩ ላይ ተጋድሟል።

እህትህ ራያ አብዱረዛቅ
ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.