ትንፋሽ ይጥፋ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬም ብርድ። የቢሯችን መስኮት በክረምት ከተሰበረ ወዲህ ካርቶን ነው የለጠፍንበት። የመካነ ሰላም ነፋስ ካርቶን ይፈራል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። ካምፓሱ ለመስታወት ኮሚቴ አቋቁሟል። ኮሚቴው ይሙቀው።

የመስማት ጥናታችን ኃላፊ ዶክተር የኋላሸት ስብሰባ ጠራ። ሌላው ሰው በስብሰባ እንቅልፉ ይመጣል፣ የኔ ንዴቴ ነው የሚመጣው። «ቅጂዎቹ ቆሻሻ ናቸው» አለ። ቆሻሻ ያለው የሰው ድምፅ ነው እንግዲህ። ሊመረመሩ ለሚመጡት ሰዎች ቆብ እናጠልቅላቸዋለን፣ ቆቡ ከአንጎላቸው የሚወጣውን ሞገድ ይለቅማል። በጆሯቸው ቃል እናሰማቸዋለን። የሰማ «አዎ» ይላል፣ ማይኩ ይቀዳል፣ ኮምፒውተሩ አዎውን ብቻ ይቆጥራል፣ ሞገዱ ለኋላ ይቀመጣል። መሃል ላይ ሳል አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ የወንበር ሲጥ ሲጥ አለ። «ትንፋሽ ይጥፋ» አለኝ። እንዲህ በአጭሩ። «እባክሽ» የሚባለውን ቃል ከአዲስ አበባ ሲመጣ ረስቶት መጥቷል።

ኮዱን ጻፍኩለት። ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሁሉ ከቅጂው ይጠፋል። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። አመሰገነኝ? አላመሰገነኝም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጠልሐ ደወለ። ወንድሜ ሲደውል ሰላምታው አያልቅም። ሥራ እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አላህ ያግዝሽ፣ አላህ ይጠብቅሽ... ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

«አባ ደክመዋል። ደረሶቹን ለኔ ቢተዉልኝ ጥሩ ነበር።»

«ደክመዋል ያለው ማነው?»

«እኔ።»

«አንተማ ትላለህ።»

ዘጋሁበት።

አባ ከአቀስታ በላይ ባለው መንደራችን ልጆችን ቁርአን ማስቀራት የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ያን አገር ሁሉ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። እኔንም ጭምር። አሁን ሰው የሚነግረኝን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ደረሶቹ፣ ቁርአን የሚማሩት ልጆች፣ ከአባ ዘንድ ሲለቀቁ ጠልሐ ባሕር ዛፉ ሥር ሰብስቦ እንደገና ያስቀራቸዋል አሉ። ገና እሳቸው በሕይወት እያሉ! ደረሳ የሚሰርቅ ሌባ እኛ ቤት ተወለደ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ለምን አባን አምጥቼ አላስመረምራቸውም? የሚያስቀራ ሰው የሚደክመው በጆሮው ነው፣ እንደሚሰሙ ማሽኑ ይናገር። ጠልሐ ከማሽን ጋር ይከራከር።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አባ በጠዋቱ ሚኒባስ መጡ። ጥምጣማቸውን ፈትተው ለቆቡ ጄል ሲቀቡ ሳቁ። «ኡሙልኸይር፣ አንጎሌ የሚለውን ለኔም ንገሪኝ። እስከ ዛሬ አልነገረኝም» አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ልጃቸው የምትሠራበትን ቤት ማየታቸው ነው ያስደሰታቸው።

እኔ ግን አልገባሁም። «ቤተሰብ አይገባም» አለ ዶክተሩ። ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ፣ የገዛ አባቴ በር ላይ እንደ ባዳ።

ሲወጡ ውጤቱ ታትሟል። መልስ የለም ማለት ይቻላል። ቃሉ ሲመጣ ዝም፣ ሲመጣ ዝም። «ከባድ የመስማት ችግር» ይላል፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸውና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። አንድ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ለአንድ ሽማግሌ ማስረዳት ያንሰዋል?

አባ መኪናው ድረስ ስሸኛቸው፣ «ይኸ ሰውዬ ሲናገር ቁልጭ አድርጌ እየሰማሁት አይሰሙም ይለኛል» አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን ቀምቼ መቅደድ ነበረብኝ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

እንደፈራሁት። ጠልሐ ወረቀቱን ለመስጊዱ ሽማግሌዎች አሳየ። ጨረሱት። ከዛሬ ጀምሮ የሚያስቀራው ጠልሐ ነው። አባን «ሸህ ኑርሁሴን፣ ይረፉ እንግዲህ» አሏቸው።

ደወልኩላቸው። «እሰማሻለሁ እኮ» አሉኝ። ሦስቴ አሉት። «ይኸው እሰማሻለሁ። ታዲያ ማሽኑ ምን ነክቶት ነው?»

ምን ልበል? ማሽኑ የኔ ነው።

ጠልሐን እጠላዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ለቅሶ ቤት ብንገናኝ እንኳ ሰላም የምለው አይመስለኝም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ያልተነካውን ቅጂ ከፈትኩ። ትንፋሹን ያጠፋንበትን ሳይሆን መጀመሪያ ማይኩ የቀዳውን።

ቃሉ ይመጣል። ከዚያ... «እ!»

ቃሉ ይመጣል። «እ!»

አባ እየመለሱ ነበር። የኛ ሰው «አዎ» ለማለት መቼ አፉን ይከፍታል? ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ አለቀ። አባም፣ እናቴም፣ ገበያተኛውም፣ እኔም። ስልክ ላይ ሳይቀር እንዲሁ ነው የምንለው። ያንን ሁሉ አዎንታ እኔ በጻፍኩት ኮድ ትንፋሽ ነው ብዬ ጠርጌ ጣልኩት። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ሆኖ!

ሌሎቹንም ከፈትኩ። ከደጎሎ የመጡት አሮጊት፣ ከማሻ የመጣው ሚሊሻ። ሁሉም «እ!»። ሁሉንም ደንቆሮ ብለን ነው የሸኘናቸው።

ለአባ ደወልኩ። «ይሰማሉ! ስህተቱ የኛ ነው! መጥቼ ለሁሉም እናገራለሁ!» ጮህኩ። እሳቸው ደጋግመው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

የኋላሸት ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። አሰማሁት። ፊቱ አልተለወጠም።

«ይኼ መልስ ሳይሆን ትንፋሽ ነው» አለ። «መመሪያው ላይ ተሳታፊው በግልጽ ድምፅ ይመልሳል ይላል።»

«መመሪያውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። «እ!»

አየሁት። ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ... «ለኮንፈረንሱ የተላከው ጥናት ተልኳል፣ አይመለስም» አለኝ። ኮንፈረንሱ ላይ ትንፋሹ ይጥፋ።

በሩን በኃይል ዘጋሁት። ካርቶኑ ወደቀ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የኋላሸትን ሳልጠይቅ ሁሉንም እንደገና እያሠራሁ ነው። አንተ ባትፈልግም ይታረማል። የአባ ምርመራ መጀመሪያው ክፍል ወጣ። ሁሉንም ቃል ማለት ይቻላል ሰምተዋል። ጠልሐ ይኼን ሲያይ ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።

ከሰዓት በኋላ

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሁለት ቃላት ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያ «አንድ ናቸው?» ይባላል። አንድ ከሆኑ አዎ፣ ካልሆኑ አይ።

«ሠራ... ፈራ። አንድ ናቸው?»

«እ!»

«ሰላም... ፈላም።» ትርጉም የሌለው ሆን ተብሎ ነው የገባው። «አንድ ናቸው?»

«እ!»

የአንጎላቸውን ሞገድ አየሁ። «በላ» እና «ገላ» ላይ ሁለት የተለያየ መስመር ነው። «ሰ» እና «ፈ» ላይ አንድ መስመር። ደጋግሜ አወጣሁት። አንድ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማሉ፣ ቀጭኑ ግን ጆሯቸው አይደርስም። ሰው ሲያወራ ከወሬው ይገምቱታል፣ ለዚህ ነው እኔን የሚሰሙኝ።

በዐረብኛው ሲን የሚባል ፊደል አለ፣ ሣ የሚባል አለ። ሣ ምላስ በጥርስ መሃል ብቅ ብሎ የሚባል ነው። የኛ ልጅ ምላስ ሁለቱንም «ሰ» አድርጎ ይደፈጥጣቸዋል። ቁርአን የሚያስቀራ ሰው ግማሽ ሥራው ይህችን መያዝ ነው። እኔን በዚህች ስንቴ ቆንጥጠውኛል። «ሰ»ን ከ«ፈ» የማይለይ ጆሮ ሲንን ከሣ እንዴት አድርጎ ይለያል?

የጣልኩባቸውን አዎ መለስኩላቸው። ይዞብኝ የመጣው ይኼ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ልንገራቸው? የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ብነግርስ? «ይሰማሉ» ብያለሁ፣ ውሸት አይደለም...

ግማሹን ደብቄ ግማሹን የምናገር ከሆነ ከየኋላሸት በምን እሻላለሁ?

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል። ወደ መድረሳው አብረን የምንሄድ መስሏቸዋል። «እህሳ፣ አንጎሌ ምን አለ?» አሉኝ። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ነገርኳቸው። ከዚያ ሌላውን።

ቀስ ብለው፣ «ሲንና ሣ?»

ትንፋሼን ሳብኩ።

«ሉሁ ላይ፣ ሰሌዳው ላይ አቀርቅረው ነው የሚቀሩት» አሉ። «አፋቸውን አላይም።» ቀና አሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማሽኑ ይኼን አያውቅም አባ።»

«ታዲያ ስንቱ ሐርፍ፣ ስንቱ ፊደል በኔ ፊት እየተበላሸ አለፈ?» አሉ። መልስ የጠበቁ አይመስለኝም። ተነስተው ውስጥ ገቡ።

ጠልሐ ባሕር ዛፉ ሥር ነበር። ልጆቹን በተናቸውና መጣ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱን! እኔ የማላውቀው መሰለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳቸው ሲለቀቁ እዚህ አስቀምጬ ሣውን አስተካክላለሁ። ሣ ብቻ! ሌላውን አልነካሁባቸውም። ማንም እንዳያውቅ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ። ሌባ ስትሉኝ ዝም አልኩ። ያ ወረቀት ሲመጣ አላህን አመሰገንኩ። ሽማግሌ ደነቆረ ቢባል ምን ነውር አለው? እሳቸውም አያፍሩበትም ነበር። አንቺ ግን መጥተሽ የአላህን ቃል አበላሽተዋል አልሻቸው!»

«እንዲያ አላልኩም።»

«እሳቸው እንዲያ ነው የሰሙት።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ? ስልክ የምትዘጊው አንቺ!»

ልጣላው መጥቼ የምጣላበት አጣሁ። እሱ ግን አግኝቷል። «ከዛሬ ወዲያ በዚህ ቤት ነገር አትግቢ» ብሎኝ ሄደ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መካነ ሰላም። የኋላሸት መስታወት አስገብቷል፣ ለራሱ ቢሮ። የታረመውን ውጤት ለሁሉም ሰው በየስልካቸው ነገርኩ። ያልፈረመበት ውጤት ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍልኝ ነው አሉ። ይጻፍ።

ጠልሐ ስልክ አያነሳም። አሁን የሚዘጋው እሱ ሆነ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አባ ራሳቸው ደወሉ። «ቅዳሜ ደጎሎ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይ።»

ዑበይዳ ጋ ነው። ዑበይዳ እሳቸው ዘንድ ቁርአን ቀርቶ የጨረሰ ጎልማሳ ነው፣ አሁን ደጎሎ ላይ ራሱ ያስቀራል። የሱ ደረሶች ብዙ ናቸው አሉ። አባን እንቅልፍ የነሳቸው እሱ ነው። እሱ ሣን ካልያዘ ደረሶቹም አልያዙም ማለት ነው፣ የነሱም ደረሶች...

«ጠልሐን ለምን አይወስዱትም?» አልኳቸው።

«ጠልሐን አልፈልግም። ደጅ የጮኸውን ሰምቼዋለሁ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ከአቀስታ ተነስተን መኪና ቀያይረን ደጎሎ ገባን። አባ መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቁርአን ይቀራሉ። ሲንን ይላሉ፣ ሣን ይላሉ፣ እንደ ጥንቱ ጥርት አድርገው። አፋቸው ምንም አልሆነም።

ዑበይዳ ሲያያቸው እጃቸውን ለመሳም ሮጠ። ምግብ ይምጣ አለ። «አይምጣ። ቅራ» አሉት። ደነገጠ። ሰላሙን እንኳ አልጨረሰም። «ሸህ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» «ቅራ!»

ለኔ፣ «አንቺ ስሚ። እኔ አስተምሬሻለሁ፣ ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

ዑበይዳ ቀራ። ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። መቼም እንዲህ ሰምቼ አላውቅም። ሣው መጣች፣ ምላሱ ከጥርሱ መሃል ብቅ ብላ ተመለሰች። ሲኑ መጣ፣ ቀጥ ያለ። እንደገና ሣ። አንዱንም አልሳተም። ይኸው! ጆሯቸው ከመድከሙ በፊት ነው የጨረሰው ማለት ነው።

ወደኔ ዞሩ። «እህ?»

«ትክክል ነው አባ። አንዱንም አልሳተም።»

አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አባ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

«ጠልሐ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?»

«ወላሂ አላለኝም። ጠልሐ አያናግረኝም እኮ!»

«እሱም ሁለት ዓመት ትክክል ነው ሲለኝ ኖሯል» አሉ።

ወላሂ አልኩ። ቢላሂ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ለእንባዬም ፊታቸው አልተፈታም። ዑበይዳ ከሳቸው ወደኔ፣ ከኔ ወደሳቸው ያያል፣ ነገሩ አልገባውም። አባ ተነሱ፣ ክንዱን ያዙትና ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አወጡት። ቀና አደረጉት። ደረሶቹ በሙሉ እያዩ ነው።

«አፍህን ክፈተው» አሉት። «ቀስ ብለህ ቅራ። ምላስህን ልየው።»

ቀራ። ጎንበስ ብለው ጥርሱን ጥርሱን እያዩ አስደገሙት። እንደገና አስደገሙት። ወደኔ አንዴም አልዞሩም።