ወይዘሮ ዘሃራ ከቤታቸው የወጡበት ቀን

ጋምቤላ፣ ዓርብ ነሐሴ 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ገበያው በረንዳ ላይ ለሚያድሩት ሰዎች የተቋቋመው ኮሚቴ አባላት ተሰበሰብን። ስብሰባውን የመሩት የቀበሌያችን ሊቀመንበር «መጀመሪያ ሌላ ሰው ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ እንከላከል» አሉ። ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁ።

ከምሳ በኋላ እኚሁ ሊቀመንበር ጠሩኝ። ለአዲሱ የክልል ቢሮ ኃላፊ ቤት ስለጠፋ የወይዘሮ ዘሃራ የቀበሌ ቤት ዛሬውኑ እንዲለቀቅ ተወስኗል። ውሉ በሟች ባላቸው ስም ነበር። «ጎረቤታቸው ነህ፤ ቀስ አድርገህ ንገራቸው» አሉኝ። ክረምቱ እንኳ ይለፍ ብዬ ለመንኳቸው። «ኃላፊው ነገ ይገባሉ» አሉኝ።

ወይዘሮ ዘሃራ ሻይ እየቀዱ ሰሙኝ።

«የት ልሂድ፣ ኦቦንግ?»

ማዘጋጃ ቤቱ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ኮሚቴ ማቋቋሙን ነገርኳቸው።

«ኮሚቴው ማደሪያ አለው?» አሉኝ።

እኛ ቤት ይደሩ ብላቸው፣ «እናንተስ መች ተኝታችሁ ታውቃላችሁ፣ በአንድ ክፍል ከነልጆቻችሁ» ብለው እምቢ አሉ። ቤቱን አጽድተው ጠርገው ወጡ። ፍራሹን እኔ ተሸከምኩላቸው።

ሄደን ሄደን የደረስነው እዚያው ገበያው በረንዳ ነው። ሰዎቹ ማንም ሳይጠይቃቸው ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። አንዲት የኑዌር ሴት ዝናቡ በማይደርስበት በኩል ምንጣፏን አነጠፈችላቸው።

ሰኞ ስብሰባው ይቀጥላል። ስለ በረንዳው ሰዎች እንዳስረዳ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ።