ለእህቴ መርዶ ለነገራት መሥሪያ ቤት

ይድረስ ስሙ በበሩ ላይ ላልተጻፈው፣ ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለ አረንጓዴው የብረት በር ግቢ ውስጥ ለሚገኘው፣ የሰላማችን ጠባቂ ለሆነው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ ከነመላ ባልደረቦችዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮዎ እንዴት ከርሟል? የዚህን ሁሉ ሕዝብ ወሬ ሲያዳምጥ የሚውል የሚያድር ጆሮ መድከሙ አይቀርምና፣ ስለ ድውያን በምንጸልይበት ሰዓት እርሱንም ጨምሬ እንደማስበው ስገልጽልዎ በታላቅ አክብሮት ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም እባላለሁ፤ በቁስቋም ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ስሜን የምነግርዎ ለወጉ ያህል ነው እንጂ እርስዎማ ከባለቤቴ ይልቅ ያውቁኛል። ባለፈው ጥቅምት እንግዳችሁ ሆኜ በሰነበትኩበት ጊዜ፣ ከማን ጋር ምን እንደ ተባባልኩ፣ ለማን ደውዬ እንዳልተነሣልኝ ሳይቀር ልጆችዎ አስታውሰውኛል። እኔ ረስቼው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴም በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በበራችሁ ይዤው ብመጣ የሚቀበለኝ አጣሁ፤ በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ በስልክ የተናገርኩት ነገር ምን እንዳመጣ አይቻለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ እኔ ጥበቃ የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ከቤቱ የወጣ ሰው በሰላም ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆመን የምናመሰግንበት ጊዜ ነው፤ ሰው ከመንገድ ታፍኖ የሚወሰድበት፣ ገበያ ወጥቶ መመለስ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ አካል ይኑር ቢባል እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ። እኔም ራሴ የደብሩን ዕቃ ቤት ሳልቆልፍ አላድርም። ነገር ግን የምቆልፈው በንዋየ ቅድሳቱ ላይ ነው እንጂ በምእመናኑ ላይ አይደለም፤ ቁልፉንም የሰጡኝ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ብዙ ስለ ሆነ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ ስልኬን ስላዳመጣችሁ አመሰግናለሁ። እህቴ ሸዋአየሁ ባሏ ከሞተባት ወዲህ የቀራት አንድ ልጇ ባምላክ ነበር። ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ መምህር ነበር፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ይደውልላት ነበር፤ እሷም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጮህበት ነበር፣ ልጁ ሩቅ ስለ ሆነ በደንብ የማይሰማት እየመሰላት። አንድ ቀን የተሳፈረባት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠችና እዚያው ሞተ። ይህን የነገረኝ የሥራ ባልደረባው አስማረ ነው። ክቡርነትዎ ከየት አገር እንደ መጡ አላውቅም፤ ምናልባት በእናንተ ዘንድ ሞት በስልክ ይነገር ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ርቆ ሲሞት ለእናቱ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ጎረቤት ስልኳን በዘዴ ይወስድባታል፤ ያን ምሽት እራቷን በልታ እንድትተኛ ይደረጋል፤ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ፣ ጎረቤትና የንስሐ አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ሥር ይሰበሰባሉ፣ በለሆሳስ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ አብረው ይገባሉ። ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ሳይዘጋጅ ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ይህ ሁሉ መደበቅና ማድበስበስ ለአንዲት እናት ልብ ተብሎ የሚደረግ ነው።

አስማረም እንደ ወጉ ተናገረ። «አያ መሪጌታ፣ ባምላክን ትንሽ አሞታል» ሲለኝ ከድምፁ ገባኝና ተቀመጥኩ። ቀጥሎም ለእሷ እንዳይነገር፣ ስልኳም እንዲያዝ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቤ እንድጠብቅ፣ እነሱም በመኪና ይዘውት እንደሚመጡ ነገረኝ። እናንተም ሰማችሁ። አንዲት ቃል ሳትዛነፍ ሰምታችኋል፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሁለተኛ፣ እኛን ለማንሣት በሰዓቱ ስለ ደረሳችሁ አመሰግናለሁ። ውኃ ቢቋረጥብን፣ መብራት ቢጠፋብን፣ ሌባ ቢገባብን እንዲህ ፈጥኖ የደረሰልን መሥሪያ ቤት አላውቅም። የእህቴ የንስሐ አባት አባ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ጎረቤታችን ዳኛው ክንዱ ጠንካራ ስለ ሆነ ይያዛት ተብሎ ከፊት ቆሞ፣ እኔም የመጀመሪያዋን ቃል እያሰብኩ ከአጥሩ ሥር ሳለን መኪናችሁ መጣች። ሦስታችንንም ጫናችሁን። ትሸሽግልን ዘንድ የሸዋአየሁን ስልክ በውሰት ስም ወስዳ የነበረችው ለተ ማርያምና ሌሎቹ ሴቶች ደንግጠው ወደየቤታቸው ገቡ። በግቢያችሁም አንድ ጨዋ ወጣት ወንበር ሰጥቶኝ የራሴን ቃል መልሶ አነበበልኝ፤ «ለእሷ እንዳይነገር» የተባለችው እሷ ማን እንደ ሆነች፣ ሰው በጎህ የሚሰበሰበው ለምን እንደ ሆነ፣ «ይዘነው እንመጣለን» የተባለው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ሬሳ ነው አልኩት። የእህቴ ልጅ ሬሳ ነው፣ የመጣነውም መርዶ ልንነግር ነው አልኩት። እንደሚያጣራ ነገረኝ። እኔም ተነሥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ ቃጣኝና «ልጄ፣ ከእሷ በቀር የፈለግኸውን ሰው ጠይቅ» ብዬ ለመንኩት።

ሦስተኛ፣ እሷን ስለ ጠየቃችሁ አመሰግናለሁ።

የላካችሁት ሰው መልካም አስተዳደግ ያለው ነው፤ ይህን ለተ ማርያም በበሯ ቀዳዳ አይታ መስክራለች። እህቴ ኪዳን ልታደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ከደጃፏ አገኛት፤ ቆቡን አወለቀ፣ እጅ ነሣ፣ ከዚያም ልጅዎ ባምላክ ሞቷል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እርሱ መረጃ መሰብሰቡ ነበር። እህቴ ከኋላው አየች፣ ግራና ቀኙን አየች፣ ከአጥሩ ሥር አየች። ከዚያም «ሰዎቹስ?» አለችው። ሰዎቹ እናንተ ዘንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። በሩን ዘግታ ገባች።

በዚያው ጠዋት ሬሳውን የያዘችው መኪናም ኬላ ላይ ቆማ እንድትጣራ ተደረገ። ፀሐይ በረታች። የሚያለቅሱት መምህራን ሬሳውን በፀሐይ ማቆየት ቢከብዳቸው ወደ ትክል ድንጋይ መልሰው ቀበሩት፤ እናቱም አላየችው፣ እኔም አጎቱ አንዲት ጭብጥ አፈር አልመለስኩበትም። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነበርኩ፤ የሣልስቱን ጸሎት እናንተ ዘንድ ሆኜ በልቤ ደገምኩለት።

በተፈታን ጊዜ ስሕተት መሆኑን ነግራችሁን፣ የአባ ተክለ ጊዮርጊስንም መስቀል ተሳልማችሁ ሸኛችሁን። በዚያው እግራችን ሄደን እህቴ እግር ሥር ወደቅንና አለቀስን። ሁሉን ነገርናት። እሷ ግን አላለቀሰችም። አዝናልን አየችን፤ ጋቢዬን እያስተካከለች «አያ፣ ምን አድርገዋችሁ ነው? ምነው እንዲህ አስፈራሯችሁ?» አለችኝ። ስለ ልጇ የጠየቃት የእናንተ ሰው ነው፤ ሞተ ብለን የመጣነውም ከእናንተ ግቢ የወጣን ሰዎች ነን። ስለዚህ ባምላክ እናንተ ዘንድ ታስሮ እንዳለ፣ እኛም ሞቷል እንድንል ተገድደን እንደ ተለቀቅን ቆርጣ አመነች። ሞት ቢሆንማ ሰው በጎህ ይዞ ይመጣ ነበር ትላለች፤ እንዲህ ብቻውን ቆብ አውልቆ የሚጠይቅ ሞት አታውቅም። መቃብሩን እናሳይሽ ብንላት፣ አፈር የትም ይቆለላል ብላ መለሰችልን። እኔ ብቻዬን ተደብቄ አለቅሳለሁ እንጂ ፊቷ ማልቀስ አልችልም፤ አንድ ቀን እንባዬን አይታ «ልጄን በቁሙ አታልቅስበት» ብላ ተቆጥታኛለች። ስድሳ ዓመት ስንዋደድ የኖርን ወንድምና እህት ነን፤ ዛሬ ግን ቤቷ ስገባ ምን የሚያስወራ ነገር እንዳለን አላውቅም።

አራተኛ፣ ሕዝቡን ግልጽነት ስላስተማራችሁት አመሰግናለሁ። የእኛ ነገር በከተማው ከተሰማ ወዲህ በስልክ የሚያድበሰብስ ሰው ጠፍቷል። የሰፈራችን ሴት የዓለምወርቅ የእህቷን ሞት የሰማችው ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ደዋዩ የእህቷ ልጅ ነበር፤ አሟታል ብሎ ቢጀምር ይጠረጠራል ብሎ ፈርቶ፣ ገና እንዴት ዋልሽ ሳይላት እናቴ ሞታለች አላት። ባለባጃጁ መንገድ ዳር አቁሞ ሲያስለቅሳት ዋለ። የማያውቃት ሰው ነው፤ እግዜር ውለታውን ይክፈለውና መርዶ የሚይዝ እጅ የሆነላት እሱ ነው። ሌሎችም አሉ። ንስሐ የሚገቡ ሰዎች ስልካቸውን ቤታቸው ትተው ይመጣሉ፤ ደቀ መዛሙርቶቼ እቤት ሲደውሉ ደኅና ነን ከማለት በቀር ቃል አይተነፍሱም። ከተማችን ጸጥ ብላለች፤ ይህን ጸጥታ በሪፖርታችሁ ላይ እንደ ውጤት ብታስመዘግቡት አልቃወምም።

ክቡር ሆይ፣ አንዳንድ ጊዜ እናንተን ለመረዳት እሞክራለሁ። እልፍ ድምፅ ከሚሰማበት አንዱ በእውነት የክፋት ምክር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቢያልፋችሁና ሰው ቢሞት የምንወቅሳችሁ እኛው ነን። ይህ ከባድ ሸክም ነው። ግን የምትጠብቁትን ሰው አኗኗር ሳታውቁ ድምፁን ብቻ ብትሰሙት ምን ትጠብቃላችሁ? እህቴን ከማን አዳናችኋት? ይህን ስጠይቅ በምጸት አይደለም፤ መልሱን ብታውቁ ንገሩኝ፤ ለእኔ ከጠፋኝ ቆየ።

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። እህቴ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ምሳ ዕቃ ይዛ ከቁስቋም እስከ ቀሐ ወርዳ በራችሁ ላይ ትቆማለች። በር ጠባቂው እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም ይላታል። እውነቱን ነው። ነገር ግን በዚያ በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዘው ለቆሙ እናቶች ሁሉ ይኸው ቃል ሲባል ኖሯል፤ ልጆቻቸውም ኋላ ከዚያው በር ወጥተዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እውነት ብትናገሩ የሚያምናችሁ ጠፋ። የልጁ አርባ ደርሷል። እናቱ ጥቁር በመልበስ ፈንታ ሲፈታ የሚለብሰውን ሹራብ አጥባ አጣጥፋ ያስቀመጠችበትን ቤት ለተዝካር ማሰናዳት አልቻልንም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። በመረጣችሁት ቀን በሩን ክፈቱላትና ትግባ። ክፍሉን ሁሉ አሳዩአት፤ ፊት ሁሉ ትይ። ባምላክ እንደሌለ በዓይኗ አይታ ትውጣ። በምትዞርበት ጊዜ የሌሎች እናቶች ልጆች ብታገኝ ግን፣ አይታ ዝም ትላለች ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም፤ ሸዋአየሁ እንደዚያ ያለች ሴት አይደለችም። እኛ ከበሩ ውጭ እንሆናለን። አባ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ሸፍነው ይቆማሉ፣ ዳኛው ከፊት ይሆናል፣ ለተ ማርያም ውኃ ትይዛለች፤ ጋቢያችንን ተከናንበን በለሆሳስ እንነጋገር ይሆናል። ምን እንደምንመክር ከወዲሁ ነግሬዎታለሁና እባክዎ በዚያ ቀን አያሳፍሱን። መርዶዋን እንደ ሰው እንነግራታለን፤ እሷም እንደ ሰው ታለቅሳለች።

የከበረ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለእርስዎም ቀን ሲከፋ በሰው ተከብበው የሚሰሙት መርዶ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መልስ ቢኖርዎ ስልክ ቁጥሬን መጻፍ አላስፈለገኝም።

የዘወትር ተደማጭዎ፣
መሪጌታ ኪዳነ ማርያም
ጎንደር፣ ቁስቋም፤ ኅዳር ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከበር ጠባቂዎቻችሁ አንዱ፣ የለም ማለት ሰልችቶት ይሁን አዝኖላት አላውቅም፣ ምሳ ዕቃዋን መቀበል ጀምሯል። በቁስቋም ማርያም ዕለት የጽጌ ጾም ሲፈታ ዶሮ ሠርታ ለልጇ ይዛለት ወርዳ ነበር፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷ ፈክቷል፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «አያ፣ ሸጋ አድርጎ በልቶልኛል እኮ» ትለኛለች። በር ጠባቂው ደግ ልብ አለው፣ እንዳትቀጡት እለምናለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ መልሱላት።