ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

እማዬ፣ ትናንት ዐቃቤ ሕጓ አንዲት ወረቀት አውጥታ «ይሄ ፊርማ የአንቺ ነው?» አለችኝ። ፊርማው የእኔ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ አትቀየሚኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል? አባዬን ሳሉ ተወው? ታናሼስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ በሕይወት አለሁ፤ የግራ እጄ ጣቶች ግን ዛሬም የጠርሙስ ክዳን አይከፍቱም።

ባለፈው ወር የባሌ አባት መድኃኒት ቤቱ ድረስ መጥተው ባንኮኒው ላይ ወረቀት ሲዘረጉ፣ የደወልኩት ለአንቺ ነበር። «የእርቅ ወረቀት ናት፤ ልጄ እስር ቤት ሆኖ ልቡ እንዲያርፍ ብቻ» አሉኝ። አንቺም «ሽማግሌ አይመለስም፤ ለሰላም ሲባል ፈርሚላቸው» አልሽኝ። ሕመምተኞች ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። የሐኪም ማዘዣ ሦስቴ ሳላነብ አንዲት ክኒን የማልሰጥ ሴት፣ የእሳቸውን አንዴም ሳላነብ ፈረምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ወረቀቱ «እጄ የተሰበረው ከደረጃ ወድቄ ነው፤ ባሌ አልነካኝም» ይላል።

እጄን ሰብሮ አራት ዓመት የተፈረደበት ባሌ አሁን ይግባኝ ያለው በዚያች ወረቀት ነው። ማክሰኞ ይሰማል። ከተሳካለት ይፈታል። የበሩን ቁልፍ ቀይሬያለሁ፤ እሱ ግን በር ለመክፈት ቁልፍ ፈልጎ አያውቅም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ትራስ ስር አድርጋ አብራኝ ታድራለች። «ይምጣ ብቻ፣ ልኩን አሳየዋለሁ!» ትላለች፤ በሩ ሲንኳኳ ግን ከእኔ ቀድማ የምትደነግጠው እሷ ናት።

ዐቃቤ ሕጓ «የራጅሽ ፊልም መዝገቡ ውስጥ አለ። ቢሆንም ‹የቱ ነው ውሸትሽ?› እያሉ ያፋጥጡሻል» ብላኛለች። እፈራለሁ፣ እማዬ። ከዳኞቹ ይልቅ የምፈራው የእሱን ትንፋሽ ከጀርባዬ መስማትን ነው። ቢሆንም እሄዳለሁ። ሳላነብ እንደፈረምኩ፣ «ፈርሚ» ያለችኝም እናቴ እንደሆነች እናገራለሁ። ይከፋሽ ይሆናል፤ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

አባዬን ጉልበቱን፣ ታናሼን ጉንጯን ሳሚልኝ። «የባል ቁጣው ፍቅሩ ነው» የምትለውን አክስቴንም ሰላም በያት፤ እጄን ሳታይ ግን ደግማ እንዳትለው።

ምርቃትሽን እፈልጋለሁ፣ ላኪልኝ። «ቻይው» የሚለውን ቃል ግን ከእንግዲህ ከማንም፣ ከአንቺም ቢሆን አልቀበልም።

ልጅሽ
ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን