በባቡር ስለመጣነው ቤተሰብና በእንግድነት ስላልመጣው ጋሪ

ለተከበሩ ወይዘሮ ጄራልዲን ፔቲቦን
የዋይልድ ፕለም ከተማ የመሥራቾች ልጆች ማኅበር ሊቀ መንበር
ኔብራስካ

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ የደም ግፊትዎም ረግቶ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደክሞናል እንጂ ደህና ነን። በከተማችን ጋዜጣ ላይ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ ለልጄ ለቴሳ ስምንተኛ ዓመት ልደት ላደረጉልን ሁሉ በጓዳ ማመስገን ስለማይበቃኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጋሪው አመሰግናለሁ። ቴሳ በቀዳሚ ሰፋሪዎች ወግ የሚከበር ልደት ካልሆነ አልፈልግም ያለችው ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነበር፤ እኔም በሚያዝያ ወር ማኅበርዎ በሙዚየሙ የሚያስቀምጠውን፣ በሰልፍ ቀን ብቻ የሚወጣውን ሸራ የለበሰ የበሬ ጋሪ ለአንድ ከሰዓት እንዲያውሱን በጽሑፍ ጠየቅሁ። ጸሐፊዎ፣ ጋሪው የሁላችንም ነው ብላ ፈቀደችልን። ቴሳ ለዐሥራ አንድ ልጆች የጥሪ ካርድ አዘጋጅታ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጋሪውን በእጇ ሣለች። ልደቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ደብዳቤዎ ደረሰን። የማኅበሩ የመሥራቾች መዝገብ ሲታይ የአባቴ ቅድመ አያት ቫክላቭ ኩቼራ እዚህ የደረሰው ባቡር በገባ በዐሥራ አንደኛው ወር፣ ያውም በባቡር ተቀምጦ ስለሆነ፣ ጋሪው በጋሪ ለመጡ ሰፋሪዎች ዘሮች ብቻ የተጠበቀ መሆኑን በትሕትና አስታወቁን። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ቫክላቭ ተቀምጦ በመምጣቱ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጋሪውም ከባቡሩም በፊት በዚህ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩት የፖኒ ነገድ ሰዎች በመዝገቡ የትኛው ገጽ ላይ እንደሰፈሩ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ደብዳቤውን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ። ስምንት ዓመት የሚሞላት ልጅ ማንበብ እንደምትችል እናት መርሳት አልነበረብኝም። ስመለስ ቴሳ ወረቀቱን ይዛ ሾርባውን ከሚጠጣው አባቴ አጠገብ ቆማለች።

«አባባ፣ እኛ የዚህ አገር ሰዎች አይደለንም እንዴ?»

አባቴ ኤልደን በዚህች ከተማ ተወልዶ ሰባ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ሚስቱንም የቀበረው እዚሁ ነው። ማንኪያውን አስቀመጠና ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሣ። ወይዘሮ ጄራልዲን፣ ሌላውን ሁሉ እረሳዋለሁ፤ ያንን የተረፈ ሾርባ ግን አልረሳውም፤ አሁንም ያመኛል።

ሁለተኛ፣ በልደቱ ማግስት ማለዳ ስልክ በመደወልዎ አመሰግናለሁ። ጋሪውን ስንከለከል የድርቆሽ መጫኛ ተጎታቻችንን አውጥተን፣ የውሃ ቧንቧ አጉብጠን የአልጋ አንሶላ ወጠርንበት። ልጆቹ በተራ በሬ እየሆኑ ግቢውን ዞሩ፤ ክሬም በብልቃጥ እየናጡ ቅቤ አወጡ፤ በትኩስ የበቆሎ ዳቦ ቀብተውም በሉ። የልጅ ልጅዎ ሎረል አንዴ በሬ ከሆነች ወዲያ ቀንበሩን ለማንም አላስነካም አለች፤ ትጋቷ ከማን እንደመጣ አላጠያየቀንም። እርስዎ የደወሉት ግን አንሶላው የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት መሆኑ የአባቶችን ታሪክ እንደሚያቃልል ሊያሳውቁን ነበር። እውነት ነው፤ ሌላው አንሶላ አልጋ ላይ ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እንኳ አቅም የለኝም፤ ቢሆንም ልጻፈው። በዚያው ሳምንት አባቴ ከማኅበርዎ ሌላ ደብዳቤ ደረሰው፤ የሐምሌው ሰልፍ ስለተቃረበ እንደ ወትሮው መጥቶ የጋሪውን መንኮራኩሮች ግራሶ እንዲቀባ ይጠይቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀባው ኖሯል። በባቡር የመጣ እጅ ጋሪውን መንዳት ባይፈቀድለትም መቀባት ስለተፈቀደለት ክብር ተሰምቶናል። እኔ እንዳይሄድ ለመንኩት። እሱ ግን ጋሪው ምን አጠፋ ብሎ ሄደ፤ ቴሳንም ይዟት ሄደ።

ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብዎም ምስጥ የማይደፍረው ሣጥን እየተመኘሁ፣ ከነድካሜ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍረው ከመጡት ወገን የሆንኩት
ዶና ኩቼራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የአባቴ ጉልበት አልታጠፍ ስላለው ጋሪው ሥር የገባችው ቴሳ ናት። ከወለሉ በታች አንዲት የብረት ሰሌዳ በምስማር ተመትታ አገኘችና ጮክ ብላ አነበበችለት፤ በባቡር ተጭኖ ዋይልድ ፕለም ጣቢያ ደረሰ ትላለች፣ ዓመተ ምሕረቱም አለ። ከቫክላቭ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ለምን አልተናገርክም ብዬ ብቆጣው፣ «ሰው ጋሪውን ይወደዋል፤ ምን አደረገኝ ብዬ?» አለኝ። ቴሳ ግን ከሥሩ ወጥታ ጉልበቷን አራገፈችና፣ «አባባ፣ እሱም እንደኛ ነዋ! ለሚመጣው ልደቴ እንጠራዋለን» አለች። የጥሪውን ካርድ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የተጻፈው ለጋሪው ነው፤ እርስዎም አብረውት ቢመጡ በምን መጡ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅዎ የለም።