ባለ ሁለት መስኮቷ ክፍል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽ ተወሽ ወይ? ልጆቹስ? እኛ እዚህ ሆ ከተማ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ብቻ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል፤ እሷም «ከሬዲዮው እኔ እሻላለሁ» እያለች ትስቃለች። በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። ስደውል የባልሽ ወንድም ወይ ሚስቱ ሁልጊዜ አጠገብሽ ናቸው፤ አንቺም «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነን» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ባልሽ ካረፈ ወዲህ ድምፅሽን ጠግቤ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ቤት ገዛን! ቤት ስልሽ ግን ግድግዳ ማለቴ ነው። ወደ አዳክሉ ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ግንበኛው ዶትሴ ጀምሮ የተወውን ታውቂው የለ? እሱን ነው። አንቺ ወደ ኩማሲ ከተዳርሽ ወዲህ አንድ ብሎኬት አልተጨመረበትም። ሳሎኑ ውስጥ የኒም ዛፍ በቅሎ፣ ጣራ መሆን በነበረበት በኩል ወጥቷል። ጓዳው የፍየል በረት ሆኗል። የበሩን መቃን ሳይቀር ነቅለው ወስደውታል። ሰዉ ጋኔን አለበት እያለ ሲያስፈራራን፣ እማዬ «ጋኔን ቢኖርበት ፍየሎቹ እንዲህ ይወፍሩ ነበር?» ብላ ዝም አሰኘችልን።

አማራጭም አልነበረንም። አከራያችን ልጁን ሊድርበት ስለሆነ ክፍሉን ልቀቁልኝ ብሎናል፤ እማዬን ይዤ የት እገባለሁ? ዶትሴ ደግሞ ያን ቤት ለማንም አልሸጥም ያለ ሰው ነው። የብረት ነጋዴው ደጋግሞ ለምኖት አባሮታል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔና ባሌ ዴላ ስንሄድ የሰው ግድግዳ እየለሰነ አገኘነው። ገና አፌን ስከፍት «አይሸጥም» አለ፤ ዞር ብሎም አላየን። ዴላ «በይ እንሂድ» ብሎ እጄን ሲይዘኝ፣ ዶትሴ ለወጉ ያህል «ማን ሊኖርበት ነው?» አለ። እኛ፣ ልጆቹ፣ እማዬ አልኩት። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «እህቴም ትመጣ ይሆናል፤ ባሏ ሞቶባታል» አልኩ።

የሚለስንበት ማንኪያ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ልስኑ ሊደርቅበት እንደሆነ እያየሁ ልነግረው ፈራሁ። በኋላ ቀስ ብሎ «ነፍሱን ይማር» አለ፣ እጁን ታጠበና «ኑ፣ ግድግዳዎቹን ላሳያችሁ» ብሎን ወጣ። በማግስቱ ተፈራረምን።

ሥራውንም ራሱ ያዘው። እያንዳንዱን ብሎኬት በመዶሻ እያንኳኳ የሞተውን ከደህናው ለየ። ዛፉን ስንቆርጥ የፍየሎቹ ባለቤት፣ አሮጊቷ አፌቶ፣ መጥተው «ከእናንተ በፊት የገቡት እነሱ ናቸው፤ ኪራይ ጠይቀናችኋል?» ብለው ቁጭ አሉ። ዶትሴ በጓሮ በኩል በረት ሊሠራላቸው ቃል ገብቶ ነው የተነሡት። አሁን ፍየሎቹ ከእኛ ቀድመው አዲስ ቤት ገብተዋል!

ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ ክፍል ስናጸዳ፣ ለምን ሁለት መስኮት እንዳወጣላት ጠየቅሁት። አንዱ ወደ ተራራው፣ አንዱ ወደ መንገዱ ነው። «አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ያፍነኛል የሚል ሰው ነበር» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። እኛ ቤት እንደዚያ እያለ በር ከፍቶ ይተኛ የነበረው ማን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን።

ከዚያ ትልቁ ዝናብ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርፉ ከጓሮ የነበረውን አፈር ጠርጎ ወሰደና የዚያችው ክፍል ግድግዳ ወደ ውስጥ አዘነበለ። ዴላ ከሩቅ ቆሞ «ውጡ! ይውደቅ! ሌሎቹ ክፍሎች ይበቁናል» እያለ ይጮሃል፤ እውነቱን ነው፣ ሰው ከሚሞት ግድግዳ ይውደቅ። ዶትሴ ግን መልስ አልሰጠውም። ሮጦ ገባና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ። «እንጨት አምጡ!» አለ። እግሩ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ነበር። እኔ በቃ ዓይኔ እያየ ሊቀበር ነው ብዬ ጮህኩ። ያ ሲጮህ የነበረው ዴላ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ገብቶ አጠገቡ ጀርባውን ደገፈ። ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን ወፋፍራም አጣና ጎትተን አስገባንና ግድግዳውን ደገፍነው። አልወደቀም።

ዶትሴ ሲወጣ ብሎኬቱ ጀርባውን ልጦት ሸሚዙ በደም ተለውሷል። እማዬ ውሃ አሙቃ እያጠበችለት ትቆጣዋለች፤ «አንተ ሰው፣ በሰው ግድግዳ ልትሞት ነው እንዴ? ሸጠኸዋል እኮ!»

«ቤቱን ነው የሸጥኩት፣ እማማ» አላት።

እማዬ የበቆሎ ገንፎ አክፕሌና የባሚያ ወጥ ሰጥታው ሲበላ ስታየው ቆየችና «ለመሆኑ ማን ነው የሚያበስልልህ?» አለችው። «እኔው ነኛ» ብሎ ሳቀ። ከሄደ በኋላ ሳህኑን እያጠበች «የዚያን ጊዜ ለመዳር ቸኩያለሁ መሰለኝ» አለች። ማንን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ግድግዳው አሁን ቀንቷል፤ ከበፊቱ ይልቅ ጠንክሯል። ቆርቆሮ መትተናል፣ በሮቹም ቆመዋል። በሚቀጥለው ሳምንት እንገባለን። ያቺን ክፍል ማንም አልያዛትም። ልጆቼ እዚያ እንተኛ ብለው አልቅሰው ነበር፣ የከለከለቻቸው እማዬ ናት። ነይ አልልሽም፤ ኩማሲ ውስጥ ሰው ቤት ተቀምጠሽ እንዴት እንደምታድሪ ግን አውቃለሁ። ለልጆችሽ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ለስፌትሽም ብርሃኑ ጥሩ ነው።

አምላክ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ የምትገቢበትን ደጅ ሁሉ የሰላም ያድርግልሽ። እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው የጣራ ሚስማር ልገዛ ኩማሲ እሄዳለሁ ስላለኝ ነው በእሱ የላክሁት። ሆ ገበያ ላይ ሚስማር ሞልቷል፤ እኔም አልነገርኩትም። አንብበሽ እስክትጨርሺ በር ላይ አታቁሚው።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ