እፍኝ ዘቢብ

ጥቅምት 7

...ዘቢቡን ውሃ ውስጥ ሲያሹት ቄሱ አባባ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ለምን? ዲያቆን ሳለሁ አልጠየቅኳቸውም። ድቁናውን ከተውኩ ወዲህ ቤተልሔም አልገባም። የቅዳሴው ወይን የሚሰናዳበትን ቤት በሩን ብቻ ነው የማየው።

ከቅዳሴ በኋላ ነገርኳቸው። የወይን ኬሚስትሪ ጉባኤ፣ ውጭ አገር፣ ትብሊሲ። ስለ ዘቢብ ወይን የጻፍኩትን ተቀብለውታል። ዘቢቡን ይዤ ከሄድኩ በመሣሪያቸው ይመረምሩልኛል።

«የቀረን እፍኝ ነው» አሉ። «ለአንድ ቅዳሴ።»

አዲሱን ዘቢብ ነጋዴው መሐመድኑር ከደሴ ጭኖ መኪናው ጋሸና ቆሟል። መንገዱ ተዘግቷል።

«ማክሰኞ ይከፈታል ተብሏል» አልኩ። ማን አለኝ? ማንም አላለኝም።

አክስቴ እማሆይ አሰለች ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «ይስጡት እንጂ፣ ቄሴ! ፈረንጁ ዘቢብ አይቶ አያውቅ ይሆናል!» ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ... እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ክንዳቸው እንደ ጭራሮ ሆኗል።

«ለእሁድ ግን እቆርባለሁ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ እንጃልኝ።»

አባባ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ።

ጥቅምት 8

አውሮፕላን። ቋጠሮዋ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት። በየደቂቃው እዳስሳታለሁ።

ጥቅምት 10

መሣሪያው የፈለገው ጥቂት ፍሬ ብቻ። የቀረውን መለሱልኝ። ጥቂት ፍሬ...

በሻይ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ዘቢብ በሳህን በሳህን ተደርድሯል። ብዙ ሰው አልነካውም። አስተናጋጇ ትርፉን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው። ቆሜ አየሁ።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። ተከፍቶ ይሆን? ላስታ ስልክ አይሠራም።

ጥቅምት 12

ጽሑፌን አቀረብኩ። ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ፣ «አልኮል የለውም። ታዲያ ለምን ትጠጡታላችሁ?» አለኝ። ተሳሳቁ።

«ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ይቀበለዋል» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ አጨበጨቡ።

ምኑን ነው ያጨበጨቡት?

ጥቅምት 14

እሁድ። ይሄኔ ቅዳሴ ገብተዋል። ገብተዋል...

ጥቅምት 19

ላሊበላ ወረድኩ። ወደ መንደራችን ገነተ ማርያም ስሄድ ጎረቤታችን ደሳለ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ደህና ገባህ፣ ቢተው? እግዜር ያጽናህ።»

«በማን?»

«ኧረ አልሰማህም! እማሆይ ናቸዋ። ሰኞ ቀበርናቸው።»

«ቆረቡ?»

«በምን ዘቢብ? መሐመድኑር እንደሆን ዛሬም ጋሸና ነው። ሙጃ ድረስ ሰው ልከን ነበር፤ እነሱም ጨርሰዋል። እሁድ ቅዳሴ ሳይቀደስ ዋለ። ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው... ደወሉን ሲጠብቁ ዋሉ። ‹ዛሬ ደዋዩ እንቅልፋም ሆነ› እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ቅዳሴ እንደሌለ የነገራቸው የለም።»

ከዚያ በኋላ ያለኝን አላስታውስም።

አባባ ቤተልሔም በር ላይ ቆመው ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቋጠሮዋን አወጣሁ።

«ብዙ አልተነካም፣ አባባ። ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው የወሰዱት።»

ፈቱት። አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማክሰኞ ይከፈታል ያለህ ማን ነበር?»

ባዶውን ደረት ኪሴን ዳሰስኩ።

መልሰው ቋጠሩት። ይዘውት ገቡ።

በሩ ተዘጋ።